በአባያ ላይ የያዝኩት ክር

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ከሚሠራበት እንጨት ቤት ቀደም ብሎ ወጣ። እኔ ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ ነበር። መንገድ ላይ ተገናኘንና ደብተሬን እንደያዝኩ ከሲቀላ ሰፈር በታች ወዳለው የሙዝ እርሻ አብረን ወረድን። በብብቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ምን እንደሆነ ስለማውቅ አልጠየቅኩትም።

ያ የመጨረሻው ተራ ቀን ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ ወንድሜ አባያ ሐይቅ ውስጥ ሞተ። መረብ ገደለው ተባለ። ስለ መረቡና ስለ መረቡ ባለቤት ብዙ ተወርቷል። ክሩን ማን ይዞ እንደነበር ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ክሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

በመጀመሪያ ስለ እንጨቱ ልናገር። ያለ እሱ ነገሩ አይገባም።

ወንድሜ አናጢ ነበር። አልጋ፣ በር፣ ቁም ሳጥን ይሠራል። በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ እንጨት ቤት ገባ፤ እኔ እንድማር ነው። ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወደሚገኝ አንድ ሆቴል የአልጋ እግር ሊጠግን ሄዶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያረፈው ፈረንጅ የዓሣ ማጥመጃ ሳጥኑን ከፍቶ ተቀምጧል። ሳጥኑ ውስጥ ትል የለም፣ የሥጋ ቁራጭ የለም። ከእንጨት የተቀረጹ ዓሣዎች ብቻ ናቸው። ፈረንጁ አንዱን አንስቶ ውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በእጁ አየር ላይ አሳየው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ። ወንድሜ እንጨቱን በስንዝሩ ለክቶ ወደ ቤት መጣ። “የአልጋውን እግር ልጠግነው ወይ ልተወው አላስታውስም” እያለ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀረጸ። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው፣ ታንኳ ከሚሠራበት ቀላል እንጨት ሞከረ። እሱ እንደ ባዶ ጠርሙስ ተንሳፈፈ፤ አንድ ዓሣ ሲነክሰውም ለሁለት ተሰበረ። ዝግባም ሞከረ። በመጨረሻ ከእንጨት ቤቱ ውዳቂ የዋንዛ ቁራጭ እየለቀመ ማምጣት ጀመረ። በሞረድ ጎንና ጎኑን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ሆዱን በመሰርሰሪያ ይበሳዋል። ቀዳዳው ውስጥ የቀለጠ እርሳስ ያፈስሳል። እርሳሱን ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አውጥቶ በጣሳ ከሰል ላይ ያቀልጠዋል። ሆዱና ጭራው ላይ ሦስት ሦስት መንጠቆ ያስራል።

ችግሩ ሁሉ እርሳሱ ላይ ነው። ወደ ፊት ከበዛ እንጨቱ በአፍንጫው ይተከላል። ወደ ኋላ ከበዛ ጭራውን ይጎትታል፣ የሞተ ነገር ይመስላል። ልክ ሲሆን ግን ውኃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲሳብ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል፣ ሲላላ ራሱን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል። ያን ልክ ለማግኘት ነው ዓርብ ወደ ሙዝ እርሻው የመስኖ ቦይ የወረድነው። የቦዩ ውኃ ንጹሕ ስለሆነ የእንጨቱ አካሄድ ይታያል። አባያ ላይ ግን አይታይም። የአባያ ውኃ ቀይ ነው፤ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ብትከቱ ጣታችሁን አታዩትም።

በጨርቁ የተጠቀለለውን ፈታ። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ስንዝር ተኩል የሚሆን እንጨት ነበር። ከማጥመጃ ቀርከሃችን ክር ጫፍ ላይ አሰረውና ቦዩ ውስጥ ጣለው።

“እይ” አለኝ።

ሳበው። እንጨቱ ወደ ግራ ሄደ። ላላ አደረገው። እንጨቱ ቀስ ብሎ ዞረ። ደግሞ ሳበው፤ ወደ ቀኝ ሄደ። እውነቴን ነው፣ ነፍስ ያለው ነገር ይመስል ነበር።

“አሁን አንተ” ብሎ ቀርከሃውን ሰጠኝ።

እኔ ስስበው እንጨቱ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ደግሜ ሳብኩ። አሁንም ቀጥ ብሎ መጣ።

“ምን እያደረግክ ነው? ውኃ እየቀዳህ ነው እንዴ?”

“እንዳንተ ነው የሳብኩት።”

“ስበሃል፤ መቼ ለቀቅክ? ከሳብክ በኋላ የቀርከሃውን ጫፍ ወደ እሱ መልስለት። ነፃ ሲሆን ነው የሚዞረው። እንዲህ ወጥረህ ከያዝከውማ እንደ ታሰረ ውሻ ይከተልሃል እንጂ የት ይሄዳል?”

“የአባያ ውኃ ቀይ ነው፣ ቢዞርስ ዓሣው የት ያየዋል?”

“አያየውም፤ ይሰማዋል። ውኃው ሲገፋው በጎኑ ይሰማዋል። የሚነክሰውም ስትስብ አይደለም፣ ስታላላ ነው። ያኔ እንደገና ትስባለህ። ከዚያ በፊት ግን እጅህ ዝም ይበል።”

እጄ ዝም አይልም ነበር። ክሩ ላይ ትንሽ ነገር ከተሰማኝ እስባለሁ። በዚህ ምክንያት ባለፉት ወራት ሦስት ትልልቅ ዓሣ አምልጦኛል። ወንድሜ ሦስቱንም በቁመታቸው እያስታወሰ ያሾፍብኝ ነበር።

ሙዝ የተሸከሙ አንዲት ሴት የቦዩ ድልድይ ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩ።

“እናንተ ልጆች፣ ቦዩ ውስጥ ዓሣ የለም እኮ!”

“እናውቃለን እናቴ” አለ ወንድሜ፣ “ለማጅ ይዘን ነው።”

“የትኛው ነው ለማጁ? እንጨቱ ነው ልጁ?”

“እንጨቱማ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። ይሄኛው ነው ያስቸገረኝ።”

ሴትዮዋ እየሳቁ ሄዱ። እኔ ተናድጄ ቀርከሃውን መለስኩለት። እስኪመሽ ድረስ ብቻውን ሲስብና ሲያላላ ቆየ። እኔ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ የኬሚስትሪ ደብተሬን አነበብኩ። አሁን ሳስበው ያን ሰዓት ቀርከሃውን ይዤ ብለማመድ ይሻል ነበር። አልተለማመድኩም።

ማታ እናታችን ኩርኩፋ ሠርታ ጠበቀችን፤ የበቆሎው ድቡልቡል ከሽፈራው ቅጠል ጋር። እናታችን የደጋው የጨንቻ ሰው ናት፤ ሐይቅ አትወድም። ነገ የት እንደሚሄድ ጠየቀችው።

“ሐይቅ።”

“አልጋ የታዘዘልህ የለም?”

“አለ። ሰኞ።”

“ሰኞ ሰኞ እያልክ ሰዉን ሁሉ መሬት አስተኛኸው” አለችው። እሱ ሳቀ። ቤታችን የምንነጋገረው በጋሞኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ስጽፈው ሳቁ ትንሽ ይጎድለዋል።

ቅዳሜ ጠዋት በእግር ወደ አባያ ወረድን። ዳር ላይ ታንኳ የሚያውሱን ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ መረብ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው፤ የእንጨቱን ነገር ግን ማመን አይፈልጉም ነበር።

“አናጢዎች መጡ!” አሉ ሲያዩን። “ዛሬ ደግሞ ለዓሣው አልጋ ነው በር የሠራችሁለት?”

“አልጋ ነው አባ” አለ ወንድሜ። “ተኝቶ እንዲመጣ።”

“እንጨት የሚበላ ዓሣ ካገኘህ ለእኔም ጥራኝ። የቤቴን ምስጥ እድርለታለሁ።”

ታንኳዋ እግር ለእግር ተያይዞ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ወንድሜ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ እቀዝፋለሁ። ከዳሩ ብዙም አልራቅንም። ሸምበቆው የሚያበቃበት፣ ውኃው ከሰው ቁመት ትንሽ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው ትልቁ ዓሣ ጠዋት ጠዋት እዚያ ይመጣል።

ብዙም ሳንቆይ አንድ ያዘ። ሳበ፣ አላላ፣ ሳበ፣ አላላ፤ ከዚያ ቀርከሃው ጎበጠ። ክንድ የሚያህል ነበር። ወንድሜ ከዳር ሆነው ለሚያዩን ሽማግሌ ዓሣውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። እሳቸው በመገረም እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ያን ጊዜ ደስ ብሎን ነበር። ይህንም መጻፍ አለብኝ።

ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጥለው እንጨቱን አንድ ነገር ያዘው። ዓሣ አልነበረም። ወንድሜ ክሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

“መረብ ነው” አለ።

“የታለ? ተንሳፋፊ የለውም እኮ።”

የእኛ አካባቢ ሰው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ቁራጭ መረቡ ላይ ያስራል፤ መረቡ የት እንዳለ በዚያ ይታወቃል። እዚህ ግን ምንም አልነበረም። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ዳር ላይ መጣል ክልክል ስለሆነ አንዳንድ ሰው ተንሳፋፊውን ፈትቶ ይደብቀዋል።

ክሩን ቆርጠን መሄድ እንችል ነበር። ግን የሌላ ሰው መረብ ውስጥ መንጠቆ ትቶ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ባለቤቱ በጨለማ ሲጎትተው እጁን ይቀደዋል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ጣቱ የደረቀ ሰው እናውቃለን። ስለዚህ መንጠቆውን የጣለው ሰው ራሱ ገብቶ ይነቅላል። መረቡንም አይቆርጥም። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ወደ ሰው መረብ በቢላዋ አይገባም። ባለቤቱ ከዳር ሆኖ ካየ ዓሣዬን ሊሰርቅ፣ መረቤን ሊቆርጥ ነው ይላል። ስለዚህ የሚገባ ሰው ባዶ እጁን መሆኑን አሳይቶ ነው የሚገባው።

ወንድሜ ቢላዋውን ከወገቡ አውጥቶ ታንኳው ላይ አስቀመጠ። ሁለት እጁን ወደ ዳሩ ከፍ አድርጎ አሳየ። ያየው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ሸሚዙን አላወለቀም፤ ጠዋት ስለነበር ውኃው ቀዝቃዛ ነው።

ቀርከሃውን ሰጠኝ።

“ክሩን ላላ አድርግልኝ” አለ። “ተከትዬው ነው የምወርደው። እንዳትስብ።”

“እሺ።”

“ሰምተሃል?”

“ሰማሁ አልኩህ እኮ!”

ክሩን በአንድ እጁ እየዳሰሰ ወረደ። ራሱ ከቀዩ ውኃ ስር ጠፋ። ትንሽ አረፋ መጣ። እኔ የቀርከሃውን ጫፍ ወደ ውኃው አድርጌ ይዤ ነበር፤ ላላ ብሎ ነበር። ይህን አስታውሳለሁ። ላላ ብሎ ነበር።

ከዚያ ክሩ እጄ ውስጥ ሁለት ጊዜ መታ። ዓሣ ሲነክስ እንደዚያ ነው የሚመታው። እጄ ሳበ። እኔ ልሳብ ብዬ አላሰብኩም፤ እጄ ሳበ። ታች ላይ የሆነ ነገር ጠነከረ። ነቅሎልኛል፣ ስቤ ላውጣለት ብዬ ይመስለኛል፣ ደግሜ ሳብኩ።

ከዚያ በኋላ ክሩ ወዲያና ወዲህ ሄደ። ታንኳዋ ዘመመች። አረፋው በዛ። ያኔ ገባኝ። ክሩን ለቀቅኩት፤ አልጠቀመም። ቢላዋውን ይዤ ገባሁ። ውኃው ውስጥ ምንም አይታይም። እግሩን አገኘሁት፣ ደግሞ ጠፋኝ። የመረቡን ክር በቢላዋ ስነካ እኔንም እግሬን ያዘኝ። ወጥቼ ጮህኩ። ደግሜ ገባሁ። ስንት ጊዜ እንደገባሁ አላውቅም።

ሽማግሌው ከሌላ ሰው ጋር በሌላ ታንኳ መጡ። መረቡን ቆርጠው ከነመረቡ አወጡት። የእንጨቱ የጭራ መንጠቆ መረቡ ላይ ነበር። የሆዱ መንጠቆ ግን የግራ እጀታውን አልፎ ከእጁ አንጓ በላይ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ሽማግሌው መንጠቆውን እያዩ “እጁን ከመረቡ ጋር ሰፋው” አሉ። “መረቡ ሰፋው። የማን መረብ ነው ይሄ? ተንሳፋፊ የሌለው የማን መረብ ነው?”



የማን እንደሆነ እስከ ቀትር ታወቀ። ከሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች የአንዱ ሰው ነው፤ ልጆች ያሉት፣ እሑድ እሑድ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከበሩ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው። ፖሊስ መጥቶ ጠየቀኝ። ወንድምህ መረብ ሊፈታ ገባ? አዎ። መረቡ ያዘው? አዎ። ፖሊሱ ጻፈ። ክሩን ማን ይዞ ነበር ብሎ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን አታልያለሁ። አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

አመሻሽ ላይ የእናቴ ወንድም ከጨንቻ ወረደ። እድሩ ድንኳን ተክሏል። አጎቴ ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ሲያወራ ሰማሁት።

“ከቀብሩ በፊት ቤቱ እንሄዳለን” አለ። “ሰው ገድሎማ ቤቱ ውስጥ እሳት አንድዶ አይበላም።”

“ታንኳውንም ቤቱንም ነው የምናቃጥለው” አለ አንደኛው ጎረምሳ።

አጎቴ እኔን አየኝና ትከሻዬን ያዘ። “አንተ አትምጣ። ከእናትህ ጋር ሁን። አንተ የሚቻልህን አድርገሃል።”

አንተ የሚቻልህን አድርገሃል። ይህን ሲለኝ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። ፊቷን አየሁትና ዘጋሁት። ከነገርኳት ሁለተኛውንም ልጇን የምታጣ መሰለኝ። ካልነገርኳት ደግሞ ያ ሰው በእኔ እጅ ቤቱ ሊቃጠል ነው።

እሑድ ጠዋት ጎረምሶቹ ዱላ ይዘው ድንኳኑ ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። አጎቴ ነጠላውን ወገቡ ላይ አጥብቆ አሰረ። ሊወጡ ሲሉ የአጥሩ በር ላይ ሰዎች ታዩ። አምስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ታንኳ የሚያውሱንም ሽማግሌ ከመካከላቸው ነበሩ። ሁሉም በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። የመረቡ ባለቤት ከመሐላቸው ነው፤ ጫማ አላደረገም፤ እሱም ሣር ይዟል። በሩ መሐል ላይ ሁሉም ተንበረከኩ፤ ሣሩንም ከፊታቸው መሬት ላይ አኖሩት።

በጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ የሚያልፈው የለም። ጎረምሶቹ ቆሙ። አንዱ ዱላውን ወደ ኋላው ደበቀ። አጎቴ ግን ወደ ኋላ አላለም።

“ተነሡ አባቶቼ” አለ። “ለእናንተ ክብር አለኝ። እሱን ግን ተዉልኝ።”

“እሱም ተንበርክኳል” አሉ የታንኳው ሽማግሌ። “እኛ ለአንተ አይደለም የመጣነው። የዚህ ቤት ወንድ ማነው?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ የድንኳኑን እንጨት ይዛ ቆመች።

“ልጄ” አሉኝ ሽማግሌው፣ “ይህን ሣር ከእጃችን ከተቀበልክ ጠቡ ያበቃል። ካልተቀበልክም እዚህ እንቆያለን፤ ፀሐይ ቢመታንም እንቆያለን። ይህ ሰው አጥፍቷል። መረቡን ደብቋል። ይቅር በለው።”

የመረቡ ባለቤት ቀና ብሎ አላየኝም። አንገቱ ላይ ላብ ይወርድ ነበር።

ሄድኩ። ሽማግሌው ሣሩን ከመሬት አንስተው ወደ እኔ ዘረጉልኝ። አልተቀበልኩም። ከኋላዬ ጎረምሶቹ ሲንቀሳቀሱ ሰማሁ፤ አይምርም ብለው ይመስለኛል። ሣሩን ሳልረግጥ በጎን አለፍኩና ዞሬ ከመረቡ ባለቤት አጠገብ ተንበረከኩ። ትከሻው ትከሻዬን ነካው። ፊቴ ወደ አጎቴና ወደ እናቴ ሆነ።

“ምን ታደርጋለህ?” አለ አጎቴ። “ተነሣ!”

አልተነሣሁም። ከፊቴ ካለው ሣር ትንሽ አንስቼ በሁለት እጄ ያዝኩ። በጋሞኛ ነው የተናገርኩት። ወደ ውኃው ሲገባ ክሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ አልኩ። እንዳትስብ ብሎኝ ነበር፤ ሰምቻለሁ ብዬው ነበር። ሳብኩት አልኩ። መንጠቆው እጁ ውስጥ የገባው እኔ ስስብ ነው አልኩ።

 እናቴ የድንኳኑን እንጨት ለቀቀችና ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጣች።

“ስንት ጊዜ?” አለችኝ።

ለምን ያን እንደጠየቀችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሣሩን እንደያዝኩ፣ ሁለት ጊዜ ነው እማ፣ አልኳት።